ማግኔት ሳበው ማለት ናኖ ሆነ ማለት አይደለም

እዚህ ኮምቦልቻ ቦል ሚል (ጃር ውስጥ ባሉ ኳሶች ፓውደር የሚፈጭ ማሽን) ላይ ስለምሰራ ከደሴም ከዚሁም ሪሰርች የጀመሩ ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ሲመጡ ደስ ይለኛል፣ ግን አንድ ነገር በጣም ሰልችቶኛል። ጥቁር ፓውደር በብልቃጥ ይዘው ይመጡና ማግኔት አስጠግተው "ይኸው ሳበው፣ ናኖ ሆኗል" ይላሉ፣ ቅንጣቱ በናኖሜትር (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) የሚለካ ሆኗል ማለታቸው ነው።

ወላሂ አልሆነም! ማግኔቱ የሚነግራችሁ ውስጡ የሚሳብ ነገር እንዳለ ብቻ ነው። ብረት በእሳት ሲዳመጥ የሚረግፈው ጥቁር ቅርፊት እንኳ ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ) ስላለበት ሳይፈጭም ይሳባል። እንዲያውም የመሳቢያው ጉልበት ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ስለሚያንስ ውሃ ውስጥ በደንብ የተበተነ 10 ናኖሜትር ቅንጣት ቶሎ አይሰበሰብም፣ ወዲያው ብልቃጡ ላይ ልጥፍ ካለ ወይ ትልቅ ነው ወይ ተጓጉሏል።

ደግሞ የተሳበው ምኑ እንደሆነ ማን ያውቃል? አንድ ልጅ ቀይ ሄማታይት (ሌላ ዓይነት የብረት ኦክሳይድ) በብረት ጃርና በብረት ኳስ ፈጭቶ ጠቆረለት፣ ማግኔታይት አገኘሁ ብሎ መጣ። ከፓውደሩ ትንሽ ወስደን የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ስናደርግበት አረፋ አወጣ። ማግኔታይት አሲድ ውስጥ ሲሟሟ ጋዝ አያወጣም፣ ያ አረፋ ከኳሱና ከጃሩ ተፍቆ የገባው ብረት የሚያወጣው ሃይድሮጅን ነው (እሳት አጠገብ እንዳትሞክሩት)። ብረት መግባቱ ራሱ ጥፋት አይደለም፣ 4 ሄማታይት ከ1 ብረት ጋር 3 ማግኔታይት ይሰጣል (በክብደት ሳይሆን በሞል)፣ ግን መዝናችሁ አስገቡት፣ ለ100 ግራም ሄማታይት 8.7 ግራም ገደማ ነው፣ ኳሶቹንም ከመፍጨታችሁ በፊትና በኋላ መዝኑ፣ የጎደለው ፓውደሩ ውስጥ ነው ያለው። ይህን እባካችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

"ብዙ ሰዓት በተፈጨ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል" የሚሉም አሉ። እስከተወሰነ ድረስ ነው፣ ከዚያ መሰባበሩና መልሶ መጣበቁ ይመጣጠናል፣ ከኳሱ የሚፋቀው ቆሻሻ ግን መጨመሩን አያቆምም።

ጃሩን ጢም አድርጎ መሙላት ጊዜ አይቆጥብም፣ ኳሱ መንቀሳቀሻ ካጣ አይፈጭም።

ከኤክስአርዲ (በኤክስሬይ የክሪስታሉን ዓይነት በፒኮች፣ ማለትም በግራፍ ጫፎች፣ የሚያሳይ መሣሪያ) በሸረር ቀመር ከፒኩ ስፋት ያወጣችሁት ቁጥር የክሪስታሉ መጠን ነው፣ የቅንጣቱ አይደለም፣ መፍጨቱ የሚፈጥረው ውጥረትም ፒኩን ያሰፋዋል። ቅንጣቱን ማየት የፈለገ በቲኢኤም (በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) ይየው። በዚያ ላይ የማግኔታይትና የማግሄማይት (ማግኔታይት ኦክሲጅን ሲወስድ የሚሆነው ቡኒ ኦክሳይድ) ፒኮች ሊደራረቡ ምንም አይቀራቸውም፣ ስለዚህ በኤክስአርዲ ብቻ "ማግኔታይት ነው" ብላችሁ አትማሉ። ኦቨን ውስጥ አየር እያገኘው ያደረቃችሁት ጥቁር ፓውደር ወደ ቡኒ ከሄደ ደግሞ ኦክሲጅን ወስዶ እየተቀየረ ነው፣ ሙቀቱን ቀንሱ።

"መብራት ከጠፋ ከዜሮ ይጀመራል" የሚባለው ውሸት ነው፣ ማሽኑ ራሱ እኮ እንዲበርድ እያረፈ ነው የሚሰራው፣ የተፈጨበት ሰዓት ይደመራል። ብቻ መብራት ጠፋ ብላችሁ ትኩሱን ጃር ለማየት አትክፈቱ፣ ውስጡ ያለው የደቀቀ ብረት ድንገት አየር ሲያገኝ ሊቀጣጠል ይችላል፣ በደንብ ይብረድና ማስክ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት።