የጆሹዋ ትሪ የእሳት እራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ላስ ቬጋስ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጸደይ ሲገባ ወደ ሞሃቪ በረሃ ወጣ ብለን የዩካ ተክል ዓይነት በሆኑት በጆሹዋ ትሪ ዛፎች ሥር ፎቶግራፍ እንነሳለን። ከዚያ በኋላ ይህችን ዛፍ ስለምታራባው ትንሽ የእሳት እራት ጥያቄና ፎቶግራፍ ይጎርፍልኛል፤ ስሕተቱም በየዓመቱ ያው ነው።

«ዛፉን የሚያራባው ንብ ነው።» አይደለም። ሥራው የቴጌቲኩላ ወገን የሆኑ የሁለት የእሳት እራቶች ነው።

«እጮቿ ዘር ስለሚበሉ ተባይ ናት።» የሚበሉት ከፊሉን ነው። እሷ ባትኖር ደግሞ ዘር የሚባል ነገር አይኖርም።

«ነጭ ከሆነች እሷ ናት።» ትዕግሥቴን የሚያሟጥጠው ይህኛው ነው። በሌሎች የዩካ ተክሎች ላይ የሚኖሩ ብዙዎቹ ዘመዶቿ ነጭ ናቸው፤ በየመጽሐፉ የሚታየውም የእነሱ ምስል ነው። የጆሹዋ ትሪዎቹ ግን ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ርዝመታቸውም አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወዳጄ «ነጭ አይደለችም» ብሎ ሊያጠፋው የነበረውን ፎቶግራፍ አጉልተን ስናየው፣ ከአገጯ ሥር ፈዛዛ ቢጫ የአበባ ብናኝ ድቡልቡል ታቅፋለች። እሷው ነበረች!

እባካችሁ ክንፉን ተዉትና አፏን ተመልከቱ። ሴቷ በአፏ ግራና ቀኝ የሚጠቀለሉ ሁለት ቀጫጭን እጆች የሚመስሉ አካላት አሏት። በእነሱ ብናኙን ሰብስባ ትሸከማለች፤ እንቁላሏን በአበባው ውስጥ ከጣለች በኋላ ወደ አበባው እንስት አካል ጫፍ ወጥታ ብናኙን ራሷ ትጠቀጥቀዋለች። በዚያው ዛፍ ላይ የምትገኘው ፕሮዶክሰስ የምትባል ሌላ የእሳት እራት እነዚህ አካላት የሏትም፤ ብናኝም አታመላልስም። ብዙ ሰው የሚያሳስተው የእሷ ፎቶግራፍ ነው። ወንዱ ቴጌቲኩላም እነዚህ አካላት ስለሌሉት፣ እነሱን በማጣት ብቻ «አይደለችም» ብላችሁ አትፍረዱ።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።» እስከ 2003 ድረስ ሳይንቲስቶችም እንዲሁ ያስቡ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከሁለቱ የጆሹዋ ትሪ ዓይነቶች በምሥራቁ ላይ የምትኖረው ትንሿ፣ ቴጌቲኩላ አንቲቴቲካ ተብላ ከምዕራቧ ሲንቴቲካ ተለየች። እንቁላል መጣያቸው እያንዳንዳቸው ከሚያራቡት አበባ ጋር የሚመጣጠን ርዝመት አለው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ስትልኩ ቦታውን ጻፉ፤ ዛፉንም ሙሉውን አንሱት። የምሥራቁ አጠር ብሎ ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ያበዛል፣ የምዕራቡ ረዘም ያለ ግንድ አለው። ሁለቱ በሚገናኙበት በኔቫዳው ቲካቡ ሸለቆ ካልሆነ በስተቀር፣ ዛፉን ማወቅ የእሳት እራቷን ለመለየት በአብዛኛው ይበቃል።