"ቤር አርምስ" ማለት መሳሪያ መያዝ ነው ወይስ መዝመት?

ባለፈው ሰሞን የማውቃቸው አንዲት እናት ለአሜሪካ ዜግነት መሃላ ቀጠሮ ደርሷቸው ወረቀቱን ይዘው መጡና "ልጄ፣ ስልኩ ሲተረጉምልኝ ህግ ሲያዝ የጦር መሳሪያ እሸከማለሁ በይ ይላል፣ እኔ በዚህ እድሜዬ ጠመንጃ ግዢ ነው የሚሉኝ?" አሉኝ፣ በጣም ደንግጠዋል። "አይ እማማ፣ አገር ከጠራችኝ እዘምታለሁ ማለት ነው" አልኳቸው። ከዛ በኋላ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ ምክንያቱም እዛ መሃላ ላይ ያለችው "ቤር አርምስ" (bear arms) የምትል የእንግሊዝኛ አባባል አሜሪካኖች እስከዛሬ የሚከራከሩባት፣ ስለ መሳሪያ መብት በሚናገረው የህገ መንግስታቸው ሁለተኛ ማሻሻያ ላይ ያለችው ራሷ ናት።

ቃል በቃል "ቤር" መሸከም፣ "አርምስ" መሳሪያ ነው። ግን አባባል ቃል በቃል አይፈታም። እኛ "እከሌ ነፍጥ አነሳ" ስንል መሬት ላይ የወደቀ ጠመንጃ አንስቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው ማለታችን አይደለም፣ ሸፈተ፣ ጫካ ገባ ማለታችን ነው፣ ይሄን ልጅም ያውቀዋል። "ቤር አርምስ"ም በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ከላቲን የወረደች የወታደር አነጋገር ነበረች፣ በዛ ዘመን ጽሁፎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው መዝመት፣ ወታደር ሆኖ ማገልገል በሚል ትርጉም ነው። ለአደን ጠመንጃ ይዞ ለወጣ ሰው እንደዛ ብሎ የሚጽፍ ብዙም አልነበረም።

ማሻሻያው 27 ቃል ብቻ ነው፣ በፈረንጆቹ 1791 የጸደቀ። ወደኛ ሲመለስ "በደንብ የተደራጀ ሚሊሻ ለነፃ ግዛት ደህንነት አስፈላጊ በመሆኑ፣ ህዝቡ መሳሪያ የመያዝና የመሸከም መብቱ አይጣስም" እንደማለት ነው። እዚህ ጋ "በደንብ የተደራጀ" ያልኩት በዛ ዘመን አፍ የሰለጠነ፣ ስርዓት የያዘ ለማለት ነው። ሚሊሻ ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደለም፣ የገጠር ቀበሌ ሚሊሻ ያየ ሰው ግማሹን ገብቶታል፣ ገበሬ ነው፣ ቤቱ ይኖራል፣ ሲጠራ ይወጣል። እነሱ ጋ በ1792 የወጣው ህግ ከ18 እስከ 45 ዓመት ያለ ነፃ ነጭ ወንድ ሁሉ ሚሊሻ ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ጠመንጃውን ከነሳንጃው፣ ሁለት ትርፍ የእሳት ድንጋይና ቢያንስ 24 ጥይት የሚይዝ ቦርሳ ራሱ ገዝቶ እንዲቀርብ ያዛል። ጥቁሮቹ ከዝርዝሩ ውጪ ናቸው፣ ይሄም ሊረሳ አይገባም።

ለኔ ከሁሉም በላይ የሚናገረው ግን ማሻሻያውን ያረቀቀው ጄምስ ማዲሰን በ1789 ያቀረበው የመጀመሪያው ረቂቅ ነው። መጨረሻው ላይ ሃይማኖቱ "ቤር አርምስ" የሚከለክለው ሰው በግድ ውትድርና እንዲያገለግል አይደረግም የሚል ነገር ነበረበት፣ እንደ ኩዌከሮች ላሉ፣ ሃይማኖታቸው ጦርነት ለሚከለክላቸው ክርስቲያኖች ማለት ነው። ይሄ ክፍል በኋላ ወጣ። ግን ያው ሰውዬ በዛው ረቂቅ ላይ "ቤር አርምስ"ን ከውትድርና ጋር እንደ አንድ ነገር አድርጎ ነው የጻፋት።

በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሄለር በሚባለው ክስ 5 ለ 4 ተከፍሎ መብቱ የግለሰብ ነው፣ ቤትህ ውስጥ ራስህን ለመከላከል ሽጉጥ መያዝን ይጨምራል ብሎ ወሰነ። የብዙሃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ስካሊያ "ቤር" ማለት መሸከም ነው አሉ፣ የወታደርነቱ ትርጉም በእገሌ ላይ የሚል ሲከተል ነው እንጂ ብቻዋን አይደለም ብለው። ደግሞም "አርምስ" በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለመያዝ ሲሆን እቃ፣ ለመሸከም ሲሆን ፈሊጥ ልትሆን አትችልም ብለው ምሳሌ ሰጡ፣ በኛ ብናመጣው "ጋቢና አፈር ለበሰ" ብሎ ጋቢ ለበሰና ሞተ ለማለት እንደመሞከር ነው። ጠንካራ ክርክር ነው፣ እውነቱን ለመናገር። የ1776 የፔንሲልቬንያ ግዛት የመብቶች መግለጫም ህዝቡ "ራሱንና ግዛቱን ለመከላከል" ቤር አርምስ የማድረግ መብት አለው ይላል፣ ራሱን የምትለዋ ቀላል አይደለችም። ዳኛ ስቲቨንስ ግን በተቃውሞ ሀሳባቸው አባባሏ ወታደር ሆኖ ማገልገል ነው ብለው ጸኑ፣ በቃሏ ጉዳይ እኔም ልቤ ወደሳቸው ነው። ሰው ቤቱን የመጠበቅ መብት የለውም እያልኩ አይደለም፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ የምለው ሰዎቹ በ1791 ያችን ቃል ሲጽፉ በአብዛኛው የሚታያቸው ተሰልፎ የቆመ ሚሊሻ ነበር ነው።

መሃላው ላይ ደግሞ የድሮው ትርጉም እስካሁን በህይወት አለ። በ1929 ሮዚካ ሽዊመር የምትባል ቡዳፔስት የተወለደች የሰላም ታጋይ፣ አገር ለመከላከል መሳሪያ ታነሻለሽ ወይ ሲሏት እኔ በግሌ አላነሳም ስላለች ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዜግነት ከለከላት፣ ያኔ ሴት ለውትድርና አትመለመልም ነበር እኮ! በ1946 ያ አቋም ተሻረ፣ በ1950 በወጣ ህግ ደግሞ "ቤር አርምስ" መሃላው ውስጥ ገባች፣ ሃይማኖቱ ወይ ህሊናው ለማይፈቅድለት ሰው ያን ክፍል የሚተውበት መንገድ አለ።

ይሄንን ሁሉ ለእማማ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "አባቴም ክተት ሲባል ዘምቷል፣ ጠመንጃው የራሱ ነበር" አሉ፣ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።