«መብራታችን ከውሃ ነው፤ ምን አገባን?» ስለ ዋሽንግተን ግዛት የአየር ንብረት ሕጎች የሚነገሩ ስሕተቶች

ጁን 28 ቀን 2021 በሲያትል ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገባ። ዝናብ እንጂ ሐሩር በማያውቅ ከተማ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንሶላ በውሃ እየነከርን መስኮት ላይ ስንሰቅል ዋልን። ብዙም ሳይቆይ ይደርቃል፤ እንደገና እንነክረዋለን። በዚያ ሰሞን በግዛቱ ከ100 በላይ ሰዎች በሙቀቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የግዛቱ ምክር ቤት ከሚቀመጥባት ከኦሎምፒያ የሚወጡትን የአየር ንብረት ሕጎች በቅርብ እከታተላለሁ። ቡና ላይ ስንጨዋወት የምሰማው ግን ከእውነቱ በጣም የራቀ ነው። የምጽፈው ስለ ዋሽንግተን ዲሲ ሳይሆን በምዕራቡ ጠረፍ ስላለችው ግዛት ነው፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ይህ የዋይት ሀውስ ጉዳይ ነው፤ ግዛት ምን አቅም አላት?»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ሰውን እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርጋል። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ምን ዓይነት ኃይል እንደሚሸጡ፣ አዲስ ሕንፃ እንዴት እንደሚሠራ፣ የአውቶቡስ መስመር በምን ገንዘብ እንደሚዘረጋ በአብዛኛው የሚወሰነው በግዛት ነው። ዋሽንግተን በ2019 ባወጣችው ሕግ፣ ኩባንያዎች ከ2025 ማብቂያ በኋላ ከድንጋይ ከሰል የመነጨ ኃይል ለደንበኞቻቸው እንዳያቀርቡ፣ በ2045 ደግሞ የሚሸጡት ኃይል በሙሉ ንጹሕ እንዲሆን አዛለች። አሜሪካ አገሮች የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት ከተስማሙበት ከፓሪሱ ስምምነት ለመውጣት በ2025 ዳግመኛ ስትወስን ይህ ሕግ አልተሻረም። ፕሬዚዳንት በፊርማው ብቻ የግዛትን ሕግ መሻር አይችልም፤ ለዚያ ፍርድ ቤት ወይም የፌዴራሉ ምክር ቤት ያስፈልጋል።

በእርግጥ ገደብ አለ። የመኪና ጭስ ደረጃ የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል፤ በ2025 ኮንግረሱ (የፌዴራሉ ምክር ቤት) ካሊፎርኒያ የራሷን ደረጃ እንድታወጣ የተሰጣትን ፈቃድ ሲሽር፣ እርሷን የተከተሉት ግዛቶች ሁሉ፣ ዋሽንግተንም ጭምር፣ ተጎድተዋል፤ ክርክሩም ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል። በአንድ በር ተከለከሉ ማለት ግን በሩ ሁሉ ተዘጋ ማለት አይደለም።

«መብራታችን ከውሃ ነው፤ ምን አገባን?»

ግልገል ጊቤንና ሕዳሴን እያየን ላደግን ሰዎች ይህ አባባል ልብ ያሞቃል። ግማሹ እውነት ነው፦ በግዛቱ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው፤ በአሜሪካ ትልቁ የኃይል ማመንጫ የሆነው የግራንድ ኩሊ ግድብም እዚሁ ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ነው። የግዛቱ ዋነኛ በካይ ግን መብራት ሳይሆን መጓጓዣ ነው፤ ከጠቅላላው ልቀት (ወደ አየር ከሚለቀቀው በካይ ጋዝ) ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ከመኪና፣ ከከባድ ተሽከርካሪ፣ ከመርከብና ከአውሮፕላን ይወጣል። ውሃውም ቢሆን ከተራራ በረዶ የሚመጣ ነው። በሜይ 2023 ያለ ወትሮው የመጣ ሙቀት በረዶውን ቶሎ አቀለጠው፤ የዚያ ዓመት የውሃ ኃይልም አሽቆለቆለ።

«የካርቦን ሕጉ የነዳጅ ታክስ ነው፤ ገንዘቡን ማን እንደሚበላው አይታወቅም»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ወገኖቻችን ኑሯቸውን የሚገፉት ከሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በማመላለስ ነው፤ የቤንዚን ዋጋ ለእነርሱ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

በ2021 ጸድቆ በ2023 ሥራ የጀመረው ሕግ ቁርጥ ያለ ታክስ አልጣለም። ግዛቱ የጠቅላላ ልቀት ጣሪያ ያወጣል፤ ጣሪያው በየዓመቱ ዝቅ ይላል። በዓመት ከ25,000 ቶን በላይ የሚለቁ ትልልቅ ድርጅቶች ለሚለቁት ለእያንዳንዱ ቶን ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል፤ ፈቃዱ በዓመት አራት ጊዜ በጨረታ ይሸጣል። ዋጋውን የሚወስነው ጨረታው ነው።

ወጪው ወደ ቤንዚን ማደያ አይወርድም የሚል ካለ ግን አትመኑት። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ጋሎን ቤንዚን ሲቃጠል ከ8 እስከ 9 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ ቶን የሚሞላው ከ115 እስከ 120 ጋሎን ገደማ ሲቃጠል ነው። በኦገስት 2023 የአንድ ቶን ፈቃድ 63 ዶላር ሲደርስ በጋሎን ከ50 ሳንቲም በላይ ማለት ነበር። በማርች 2024 ወደ 26 ዶላር ሲወርድ ደግሞ 22 ሳንቲም አካባቢ ሆነ። ይህ ለሹፌር ቀላል አይደለም፤ የሕጉ ደጋፊዎች መጀመሪያ ላይ ጭማሪውን አሳንሰው መናገራቸውም ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡ የት ገባ? በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተሰበሰበ። ልጆቻችሁ እስከ 18 ዓመታቸው በአውቶቡስና በባቡር በነጻ ይጓዛሉ፤ በግዛቱ ጀልባም በእግራቸው ሲሳፈሩ አይከፍሉም። የዚህ መርሐ ግብር ዋና ምንጭ ይህ ገንዘብ ነው። በ2024 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች ከመብራት ሒሳባቸው ላይ 200 ዶላር ተቀንሶላቸዋል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሕጉን ለመሻር የቀረበውን ሐሳብ 62 በመቶ የሚሆነው መራጭ ውድቅ አደረገው።

«ይህ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዙ ሀብታሞች የወጣ ነው»

በዚያው የ2021 ሕግ መሠረት ከገንዘቡ ቢያንስ 35 በመቶው ብክለትና ድህነት የበረታባቸውን ሰፈሮች መጥቀም አለበት። ከአውራ ጎዳና፣ ከፋብሪካና ከአውሮፕላን መስመር ሥር ያሉት፣ የቤት ኪራዩ ቀለል ስለሚል እኛም በብዛት የምንኖርባቸው ደቡባዊ ሰፈሮች ማለት ነው። በ2023 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ብዙም አይወራለትም። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ የከባድ ሙቀት ማስጠንቀቂያ ባወጣበት ቀን፣ ሒሳብ አልከፈልክም ተብሎ የመኖሪያ ቤት መብራት ወይም ውሃ አይቆረጥም፤ ቀድሞ የተቆረጠበትም እንዲቀጠልለት መጠየቅ ይችላል። ይህን ለሽማግሌዎቻችን ንገሩልኝ።

«የአንድ ፓርቲ አጀንዳ ነው»

በነፋስ ኃይል ምርት አሜሪካን የምትመራው ቴክሳስ ናት። ኩባንያዎች ታዳሽ ኃይል እንዲያስገቡ ያዘዘውን የ1999 ሕግ የፈረመው በወቅቱ አገረ ገዥዋ የነበረው ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ ነው።

«ዜግነት ስለሌለኝ አይመለከተኝም»

ድምፅ መስጠት አይቻልም፤ መናገር ግን ይቻላል። የግዛቱ ምክር ቤት በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ይከፈታል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ በሆነ ዓመት (እንደ 2025) 105፣ ተጋማሽ በሆነ ዓመት (እንደ 2026) 60 ቀን ይሠራል። ረቂቅ ሕግ በኮሚቴ ሲታይ ማንም ሰው በአካል ወይም ከቤቱ በቪዲዮ አስተያየት ይሰጣል። መናገር የማይፈልግ፣ መድረኩ ሊጀመር አንድ ሰዓት እስኪቀረው ድረስ በኢንተርኔት አቋሙን ብቻ ያስመዘግባል። የጽሑፍ አስተያየት መድረኩ ከተጀመረ በኋላም እስከ 24 ሰዓት ይቀበላሉ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ይዤ ስሜን ባስገባ ጣጣ አያመጣብኝም?» አሉኝ። ቅጹን በስልካቸው ከፍተን አብረን አየነው። ስም፣ አድራሻ፣ ከዚያ ሦስት ምርጫ፦ እደግፋለሁ፣ እቃወማለሁ፣ ሌላ። ስለ ዜግነት የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም። መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡት።