ብለበር፦ የዓሣ ነባሪ ስብና የመነፋረቅ ቃል

በእንግሊዝኛ «ብለበር» የሚባል ቃል አለ። ስም ሲሆን የዓሣ ነባሪ ስብ ነው። ግስ ሲሆን ደግሞ ማልቀስ ነው። ስብና እንባ ምን አገናኛቸው? የውሃ ድምፅ።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ቃሉ አረፋ ማለት ነበር። ግሱም ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ሲል የሚያሰማውን ድምፅ ይገልጽ ነበር። ድምፁን አስመስሎ የተፈጠረ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ወጥ ሲንተከተክ፣ ሰው በሳቅ ሲንከተከት፣ በልቅሶ ሲንሰቀሰቅ ቃሉ ራሱ ድምፁን ያሰማናል። በ1400 ገደማ ግሱ ወደ ልቅሶ ተሻገረ። በኋላ ጄሊፊሽ የሚባለው እንደ ዝልግልግ ያለ የባሕር እንስሳም በዚሁ ስም ተጠራ። የዓሣ ነባሪ ስብ ስሙን ያገኘው ከሁሉም ዘግይቶ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ስቡ ራሱ ድንቅ ነገር ነው። ከቆዳ ሥር ያለ ወፍራም ሽፋን ሲሆን ዓሣ ነባሪ ብቻ ሳይሆን ዶልፊንና «ሲል» የሚባለው የባሕር እንስሳም አላቸው። በአርክቲክ፣ ማለትም በበረዷማው የሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ በሚኖረው ቦውሄድ ዓሣ ነባሪ ላይ ውፍረቱ እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ክንድ ያህል ማለት ነው! እንደ ቅቤ የለሰለሰ እንዳይመስላችሁ። ኮላጅን የተባለ ጠንካራ ፕሮቲን ስላለበት ጠንከር ይላል። ብርድ ይከላከላል፣ ለመንሳፈፍ ያግዛል፣ ስንቅም ይሆናል። ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ለመራባት ወደ ሞቃት ባሕር ሲወርድ ለወራት ምግብ ሳይቀምስ የሚቆየው በዚህ ስብ ነው።

መዘዙም ከዚሁ መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳኞች ስቡን እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየላጡ፣ እየከተፉ፣ መርከቡ ላይ በተጣደ ትልቅ የብረት ድስት ያነጥሩት ነበር። ዘይቱ ለመብራት፣ ለሳሙናና ለማሽን ማለስለሻ ይውል ነበር። ብዙ የዓሣ ነባሪ ዝርያዎች ሊያልቁ የደረሱት በዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ አደን እገዳ የጸናው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በአርክቲክ የሚኖረው የኢኑይት ሕዝብ ግን ስቡን ከነቆዳው «ሙክቱክ» ብሎ ይበላዋል፤ ብዙ ጊዜ በጥሬው። ቆዳው ቫይታሚን ሲ አለው። አትክልት በማይበቅልበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ልቅሶው ስንመለስ፣ ተርጓሚ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ብለበር ዝም ብሎ «ማልቀስ» አይደለም። ከረሜላ የተቀማ ሕፃን አስቡ። አፉ ተከፍቷል፣ እንባና ንፍጡ አገጩ ላይ ተቀላቅሏል፣ የሚናገረው አይሰማም። ይህ ነው ብለበር። «አትነፋረቅብኝ!» የምንለውም እንዲህ ያለውን ልጅ ነው። ለእኔ ከ«መነፋረቅ» የተሻለ አቻ የለውም፤ ንቀቱንም አብሮ ይይዛልና። ስለዚህ መርዶ የሰማች እናት በአማርኛ ትንሰቀሰቃለች እንጂ አትነፋረቅም። በእንግሊዝኛም ብለበር ብትሏት ኀዘኗን ማቃለል ይሆናል። ለእሷ ሌላ ቃል ፈልጉ።

ቃሉ በልቅሶ ያበጠና የረጠበ ፊትንም ይገልጽ ነበር። ይህኛው አሁን እምብዛም አይሰማም፤ የቆዩ ግጥሞች ውስጥ ግን ያጋጥማል።