ኮቦት «አጥር አያስፈልገውም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሮቦት ሊገዙ የተነሱ ድርጅቶችን በጣም ግራ የሚያጋባው «ኮቦት» ነው። ኮቦት ከሰው ጎን ሆኖ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ የሮቦት ክንድ ነው። ሻጩ «አጥር (ሰው እንዳይጠጋው የሚከልለው) አያስፈልገውም» ሲል ገዢው «እንግዲያው አደጋ የለውም» ብሎ ይረዳል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ደህንነቱ የሚታየው በክንዱ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላ ሥራው ነው። ክንዱ ሰው ሲነካ ቀጥ ብሎ የሚቆም ይሆናል። ጫፉ ላይ ስለት ከተገጠመ ግን በዝግታ ቢንቀሳቀስም ይቆርጣል። ካርቶን ሲያነሳ የዋለው ያው ክንድ ጠርዙ የሾለ ቆርቆሮ ሲያነሳ ሌላ ነገር ነው። ያኔ አጥር፣ ወይም ሰው ሲጠጋ የሚያስቆመው ሴንሰር ሊያስፈልግ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይኤስኦ/ቲኤስ 15066 የተባለ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ሰነድ ሮቦቱ ሰው ቢነካ ሊያሳርፍ የሚችለውን የኃይልና የግፊት ገደብ በየአካል ክፍሉ ለይቶ ያስቀምጣል። ገደቡን ለማክበር ክንዱ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። ይህን ሂሳብ ውስጥ የሚያስገባው ጥቂት ሰው ነው። ማስታወቂያ ላይ ያያችሁት ፍጥነት ሰው አጠገቡ ሲኖር ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሥራውን ዕለት ተዕለት ከሚሠራው ሠራተኛ ጋር ቁጭ በሉ። እጁ የት የት ይገባል? በክንዱና በጠረጴዛው መሃል ምን ሊጨፈለቅ ይችላል? በእኔ እምነት ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። የአደጋ ግምገማ የሚባለው ከዚህ ይጀምራል። ዕቃው፣ መያዣው ወይም ፍጥነቱ በተቀየረ ቁጥርም እንደገና ይሠራል።