«የሰጠን ሰው ማን ይጠይቀዋል?» ደሴ ላይ ስለ አረጋውያን ድጋፍ የሚባለው እና እውነታው

ባለፈው እሑድ የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ስብሰባ ነበር። የተሰበሰብነው ለድንኳን ጥገና ነው። መሃል ላይ አንዲት እናት ተነሡና «እኚያ ጎረቤቴ ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ለሳቸው የሚሆን ነገር የለም ወይ?» አሉ። የድንኳኑ ነገር ተረሳ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራከርን። በዚያ ክርክር የሰማኋቸው ብዙ ነገሮች ከእውነቱ የራቁ ናቸው። እዚህ ላንሣቸው።

«ሽማግሌን መጦር የልጅ ነው፤ መንግሥት ምን አገባው?»

ግማሹ እውነት ነው። ወላጅን መጦር በባህልም በሃይማኖትም ግዴታችን ነው። የቤተሰብ ሕጉም የተቸገረ ወላጅ ከልጁ ቀለብ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ግን ልጅ የሌለውስ? ልጁ ዐረብ አገር ሄዶ ድምፁ የጠፋበትስ? በ2014 ጦርነት ልጁን የቀበረስ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መልስ አለው። መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ቃል ሰበብ ልትሆን ትችላለች። ቢሆንም «አያገባኝም» ማለትና «አቅሜ ይህን ያህል ነው» ማለት ለየቅል ናቸው። አቅሜ ይህን ያህል ነው የሚል አካል በጀቱን ገልጦ ማሳየት አለበት።

«ጡረታ አለ አይደል እንዴ?»

ያለው ላዋጣ ሰው ነው። ዛሬ ባለው ሕግ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ወርኃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ መደበኛው የመውጫ ዕድሜ 60 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጅ ጡረታ የተፈቀደላቸው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በሰው ሱቅና ጋራዥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ስንት ነው? ሰኞ ገበያ በርበሬ ስትቸረችር የኖረች እናትስ? አሠሪ የላትም፤ መዋጮም የላትም። ስለዚህ «ጡረታ አለ» የሚለው መልስ በጣም የተቸገሩትን ሳይነካቸው ያልፋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ጡረተኛ ባል ሲሞት ሚስቱ የአበሉን ግማሽ የማግኘት መብት አላት። ይህን ሳያውቁ የተቀመጡ እናቶች በሰፈራችሁ ካሉ ንገሯቸው።

«ሴፍቲኔት መጥረጊያ ይዞ ለሚወጣ ነው፤ ብሩም የፈረንጅ ነው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት፣ ማለትም የከተማ ድሆችን የሚደግፈው ፕሮግራም፣ ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ናት። ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ሁለት ክፍል ነበረው። መሥራት የሚችለው በጽዳትና በመሳሰለው የማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል። መሥራት የማይችለው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በመጀመሪያው ዙር ዕቅድ ከ100 ተጠቃሚ 16ቱ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ነበሩ። አቅም ያጡ አረጋውያን የሚገቡት እዚህ ውስጥ ነው።

ብሩን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያው ዙር የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር መድበዋል። የባንኩ ገንዘብ ብድር ነው። ከፋዮቹ እኛና ልጆቻችን ነን። የገዛ ዕዳችን የት እንደዋለ መጠየቅ ምን ነውር አለው?

«በጎ ሥራ የሚሠራን ሰው መቆጣጠር ማስቀየም ነው»

በስብሰባው ላይ ብዙ እጅ ያወጣው ይህ ነው። አንድ ጋሼ «የሰጠን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ነገ ትቶን ቢሄድስ?» አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። አረጋውያንን ሰብስበው የሚያኖሩት ቤቶች በአብዛኛው የሚቆሙት በበጎ አድራጊ ገንዘብ ነው።

ግን የራሳችንን ቅሬ እንመልከት። ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ቆሞ ያነባል። አንዱ ተነሥቶ «የሻማው ብር በዛ» ቢል ማንም አይቀየምም። ደረሰኝ ይወጣል፤ ይታያል፤ ያልቃል። ቅሬ ለትውልድ የሚቆየው ስለሚጠየቅ ነው። ታዲያ ለሙት የምናደርገውን ጥንቃቄ ለቆሙት ለምን እንነፍጋቸዋለን?

ሕጉም ቢሆን ጠይቁ ይላል። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ድርጅቶች በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አስተዳደራዊ ወጪም ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አለው። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮል ደግሞ አንድ አረጋዊ ወደ እንክብካቤ ቤት የሚገባው ወዶ መሆን አለበት ይላል። የሚያገኘው እንክብካቤም አገሪቱ ካወጣችው ዝቅተኛ መስፈርት እንዳይወርድ ያዛል።

ችግሩ ያለው ከአጎበኛኘታችን ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ኮሚቴ ጋር አንድ ቤት ሄጄ ነበር። መምጣታችን ከሳምንት በፊት ተነግሯቸዋል። ወለሉ ታጥቧል፤ አንሶላው አዲስ ነው፤ ንግግር ተደረገ፤ ፎቶ ተነሣን። ስንወጣ አንዲት እማማ እጄን ያዙኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ነገም ትመጣላችሁ? ስትመጡ ሥጋ ይሠራል» አሉኝ። ያን ቀን የጻፍነው ሪፖርት ላይ ይህ የለም። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ስለዚህ ቁጥጥር ስል ሌላ ነገር ማለቴ ነው። ሳይነገር መሄድ፣ በተለይ ማታ። በታኅሣሥ ብርድ ብርድ ልብሱን በእጅ መዳሰስ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በሰዓቱ መሰጠቱን ከመዝገቡ ማየት። ሽንት ቤቱ መያዣ እንዳለው፣ ሌሊት መብራት እንደሚበራ ማረጋገጥ። ከሁሉ በላይ አረጋውያኑን ኃላፊው በሌለበት ለብቻቸው ማናገር። ይህ ብዙ ብር አይጠይቅም። ደህና የሚሠራ ቤት ደግሞ ከዚህ ይጠቀማል፤ ሰው ሲያምነው ዘካ ያወጣም አሥራት የከፈለም እጁን ይዘረጋለታል።

«ለደሃ ሽማግሌ የጤና መድን አይሆንም»

ይሆናል። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል የማይችሉ ተብለው የተለዩ ሰዎችን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ሥርዓቱ ገና በ2003 ሲሞከር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው ተሁለደሬ ነው። ዋናው ነገር ሰውየው በቀበሌው ልየታ ላይ መመዝገቡ ነው።

«ብናመለክትስ ማን ይሰማናል?»

ሴፍቲኔቱ የራሱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለው። የቀበሌው መልስ ካላረካችሁ የከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ አለ። የበጀት ጥያቄ ለከተማው ምክር ቤት አባል ይቀርባል። የአስተዳደር በደል ሲሆን የሕዝብ እንባ ጠባቂ፣ የመብት ጥሰት ሲሆን የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አለ። በቃል አትመለሱ። ማመልከቻው ቀን ይኑረው፤ ቅጂው እናንተ ጋ ይቅር፤ የተቀበለው ሰው ይፈርም።

በቅሬያችን ስብሰባ መጨረሻ ሦስት ሰው ተመረጠ። ማክሰኞ ጠዋት እኚያን ዓይናቸው የደከመ እናት ይዘን ቀበሌ እንሄዳለን። የድንኳኑ ጉዳይ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።