«የመጨረሻ ስንት ነው?»፦ ያገለገለ ዕቃ በኦንላይን ስለመሸጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ላይ ፍሪጅ ወይም ሶፋ በቴሌግራም የለጠፈ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው መልእክት ያው ነው፦ «የመጨረሻ ስንት ነው?» ብዙ ሻጭ ገንዘቡን የሚያጣው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

«የመጨረሻዬን ቶሎ ከተናገርኩ ቶሎ ይሸጣል»

በመልእክት የተነገረ የመጨረሻ ዋጋ በር ላይ መነሻ ይሆናል። 20,500 ብር ብለው የለጠፉትን ፍሪጅ በጽሑፍ 18,000 ካወረዱት፣ ገዢው አቶቴ ድረስ መጥቶ «የባጃጅም ከፍያለሁ፣ 16,500 ያድርጉልኝ» ይላል። የሚሻለው መልስ፦ «20,500 ነው። መጥተው ይዩት፣ ከወደዱት እንነጋገራለን።» ሊያይ የማይመጣው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ሰብሳቢ ነው። ከሻሸመኔ ወይም ከይርጋለም የሚመጣ ግን ከመነሳቱ በፊት ግምቱን ቢያውቅ ተገቢ ነው፤ «19,500 አካባቢ ካሰቡ ይምጡ» ማለት ይበቃል።

«እጥፍ ብዬ ልለጥፍ፤ ሲቀንሱልኝ ልኩ ላይ ይደርሳል»

ሱቅ ውስጥ ገዢው ፊትዎ ቆሟል። ስልክ ላይ ግን ሳይጠይቅዎት ወደሚቀጥለው ፍሪጅ ያልፋል። አምስት ስድስት ተመሳሳይ ማስታወቂያ ይመልከቱ፤ የሚያዩት የተጠየቀውን እንጂ የተሸጠበትን ዋጋ አለመሆኑን አይርሱ። ከዚያ የማይወርዱበትን ወለል ይወስኑና ከ10 እስከ 15 በመቶ ይጨምሩበት፤ ወለሉ 18,000 ከሆነ 20,500 አካባቢ ይመጣል።

ሲቀንሱም እርምጃው ይጥበብ፦ 19,500፣ 19,000፣ 18,700። በየጊዜው አንድ ሺህ የሚጥል ሻጭ ገና ሌላ ሺህ እንዳለው እየተናገረ ነው። ለቀነሱት ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ዛሬ ይከፈል፣ ማጓጓዣው በገዢው ይሁን። ወለሉ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ከዋጋው ይልቅ ስታቢላይዘሩን መመረቅ ይቀላል።

«በግማሽ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው እየናቀኝ ነው»

ብዙ ጊዜ ነጋዴ ነው፤ ማጓጓዣውን፣ ጥገናውንና ትርፉን ቀንሶ ነው የሚጠራው። «አይሆንም፣ 20,500 ነው» ብለው ይለፉት፤ ብሎክ ማድረግም አያስፈልግም። ስምንት ሰው ተቀራራቢ ቁጥር ከጠራ ግን የተሳሳተው የእርስዎ ዋጋ ሊሆን ይችላል።

«ጉድለቱን ከተናገርኩ ዋጋዬ ይወርዳል»

የሚወርደው ገዢው ራሱ ሲያገኘው ነው፤ አንድ ጭረት ካገኘ ያላየውንም ይጠረጥራል። ጭረቱን አንስተው ይለጥፉት፣ ዋጋው ውስጥ መታሰቡንም ይጻፉ። የበሩን ጎማ አስቀድመው ይፈትሹ፦ ወረቀት አስገብተው በሩን ይዝጉና ይሳቡት፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው ላልቷል። ፍሪጁ ገዢው ከመምጣቱ ብዙ ሰዓት በፊት ተሰክቶ መቀዝቀዝ አለበት። መብራት ከጠፋ ቀጠሮውን ያዛውሩ፤ ዕቃው ካልተሞከረ ገዢው ለጥርጣሬው ብቻ ሁለት ሺህ ይቀንሳል።

«ቀብድ ብቀበልም የተሻለ ከመጣ መልሼ እሸጣለሁ»

ይቻላል፣ ግን በእጥፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብዱን ከመያዝዎ በፊት ዋጋውንና ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን በመልእክት ይጻፉ።

«የከፈለበትን ስክሪንሾት ካሳየኝ ገንዘቡ ገብቷል»

ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀነባበራል። የባንክ የሚመስል የጽሑፍ መልእክትም እንዲሁ። ለቴሌብር ራስዎ መተግበሪያውን ከፍተው ወይም *127# ደውለው፣ ለባንክ ደግሞ በራስዎ የባንክ መተግበሪያ ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ። «ኔትወርክ ዘግይቶ ነው፣ እየሄድኩ ይገባል» ከተባለ ፍሪጁ ባጃጅ ላይ ሳይጫን እዚያው ቆሞ ይጠብቅ።